የቅዳሜ እግሮች

ግሩፑ ስም አልነበረውም። የጎሬው ሲከፍተው ስልኩ ስም ጠየቀው፤ ነጥብ ብቻ ነክቶ አለፈ፤ ነጥብ እንደሆነ ቀረ። አራት ነበርን፤ ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ወንዶች። መቱ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር በአንድ ረድፍ እንቀመጥ የነበርን ነን፤ ኋላ ኑሮ በየከተማው በተነን። እኔ እዚያው መቱ ቀርቼ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንዱ ጎሬ ስልክና ሶላር ይጠግናል። አንዷ ኡካ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። አንዱ ደግሞ ከኖፓ ትንሽ ወጣ ብሎ ቡናና ንብ አለው፤ ወላጆቹ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ስማቸውን ማንሳት ስለማልፈልግ በየከተማቸው እጠራቸዋለሁ፦ የጎሬው፣ የኡካዋ፣ የኖፓው። እነሱ እኔን የሚጠሩኝ "ቲቸር" እያሉ ነው። ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ሹፈት።

በዚያ ግሩፕ ውስጥ ስለ ራሳችን አናወራም ነበር። ማንም አልከለከለንም፤ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። የጎሬው ያረጀ ባትሪ ለምን እንደሚነፋ ከፎቶ ጋር ይልካል፤ ወይም በጎሬ ሰማይ ላይ ቀስ ብላ የምታልፍ ብርሃን አይቶ ሳተላይት ናት ወይስ ሌላ ነገር ብሎ ይጠይቃል። የኡካዋ ሰው ለምን እንደሚተኛ፣ ውሃ በቀን ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ሕፃን ገና ሳይወለድ የእናቱን ድምፅ ለይቶ እንደሚያውቅ ትነግረናለች። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ እመልሳለሁ። ይህ የሥራዬ በሽታ ነው።

የኖፓው ብዙም አይጽፍም ነበር። እሱ የሚልከው ድምፅ ነው። ዝናብ ከመድረሱ በፊት ከሩቅ ጫካውን እየረገጠ ሲመጣ ቀርጾ ይልካል። ጠዋት ስልኩን ቀፎ ላይ አስጠግቶ የንቦቹን ጉምጉምታ ይልካል። ጉሬዛዎቹ ሲነጋ ሲጮሁ፣ የተቆረጠ ዋንዛ ቀስ ብሎ ሲወድቅ፣ ማንም የማያልፍበት የጫካ መንገድ ዝም ሲል። መጨረሻ ላይ በዝግታ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ንቦች ዝናብ እንደሚመጣ በምን ያውቃሉ? ከዚያ ያበቃል። እኔ ያን ጥያቄ ይዤ ሁለት ቀን ሳነብ እከርማለሁ።

እነዚያን ድምፆች የምሰማው በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ አንዱን ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። መቱን የሚያውቅ ሰው ያንን ጉም ያውቀዋል፤ ረፋድ ላይ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ የተማሪዎቹ ድምፅ ከውስጡ ይመጣል፣ ልጆቹ ግን አይታዩም። እኔ በመስኮት እሱን እያየሁ የኖፓን ዝናብ እሰማለሁ። ዛሬ ሳስታውሰው የትኛው ጉም የእኔ፣ የትኛው ዝናብ የእሱ እንደነበር ይምታታብኛል። ደስተኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ግን ደስታ መሆኑን አላወቅኩም፤ ዳታ የምጨርስበት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በባዶ እግር የመሄዱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማድበስበስ አልወድም፤ አስቀድሜ እናገራለሁ።

በዚያ ዓመት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስልኬ ላይ ሳገላብጥ ውጭ አገር ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ እንደሚሄዱ አነበብኩ። ሰውነት ከመሬት ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ደም ይረጋጋል፣ እንቅልፍ ይመጣል ይላል። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ስቄ ማለፍ ነበረብኝ። ግን የፊዚክስ አስተማሪን ማታለል ከፈለጋችሁ ኤሌክትሮን ጨምሩበት። በዚያው ቀን ዘጠኝ ደቂቃ የሚረዝም የድምፅ መልእክት ለግሩፑ ላክሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ እያንዳንዳችን ባለንበት፣ ለአንድ ሰዓት በባዶ እግር በአፈር ላይ እንሄዳለን፤ ከዚያ እግራችንን ፎቶ አንስተን እንልካለን፤ የት እንደረገጥን ይታያል። ተራራቅን ስንል በአንድ መሬት ላይ ነን፣ ብዬም ጨመርኩበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር በጣም ወድጃት ነበር።

የጎሬው ወዲያው ሳቀብኝ። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አለ፤ እናቶቻችን ጫማ ሊያለብሱን ስንት ዘመን ለፍተው፣ እኛ ደግሞ በስልክ ተመክረን ልናወልቅ ነው ወይ ብሎ። የኡካዋ ግን አልሳቀችም። የእኛ አፈር የእነሱ ሣር አይደለም አለች። በዚህ ቀይ አፈር በባዶ እግራቸው ሲሄዱ የኖሩ ሰዎች እግር ሲያብጥ፣ ዝሆኔ የሚባለው ሲይዛቸው አታውቁም ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ሰው ሲቃወመኝ ስለማልወድ ቶሎ መለስኩ፦ ያ ዕድሜ ልኩን ለሚሄድ ነው፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ምንም አያመጣም፤ አንቺ ሕፃናት አዋልጂ፣ መሬትን ለእኔ ተይልኝ። የሳቅ ምልክት አከልኩበት፣ ስድብ እንዳይመስል። እሷም ተወችው። እንግዲያውስ ስትመለሱ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡና አድርቁ ብላ አበቃች።

የኖፓው ያን ቀን ምንም አላለም። በማግስቱም አላለም።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ የሄድኩት ሶር ፏፏቴ አካባቢ ነበር፤ ዘመድ ቤት አድሬ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ለስላሳ፤ ስረግጠው ትንሽ ዝቅ ይልና ይመለሳል። ቅጠሉ ሁሉ ጠል ይዟል። ቀዩ ጭቃ በጣቶቼ መሀል ሲወጣ ልጅነቴ ሳይሆን ከልጅነቴም በፊት ያለ ነገር ትዝ አለኝ፤ ምን እንደሆነ ልናገር አልችልም። ፏፏቴው ገና አይታይም፣ ድምፁም ገና አልመጣም፤ ግን ከጆሮዬ በፊት በውስጥ እግሬ የሰማሁት መሰለኝ። ቆምኩ። ዛፎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ መልሰው ይገቡ ነበር። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። አልዋሽም፣ ያን ቀን ተኛሁ።

ፎቶዎቹ መጡ። የእኔ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀይ። የጎሬው፣ ያን ሁሉ ካፌዘ በኋላ፣ ሰፋፊ እግሮቹን ከሱቁ ጀርባ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ ላከ። የኡካዋ ጥፍሮቿን ቀብታ፣ ሣር ላይ ቆማ፤ አፈር አልነካችም፣ አታለለችን። የኖፓው ምንም። በሁለተኛው ቅዳሜም ምንም፣ በሦስተኛውም። ያኔ እንደ ልማዳችን ያዝነው። የጎሬው፣ ጫማው ከእግሩ ጋር ተሰፍቷል አለ። እኔ፣ ማር ረግጦ ተጣብቆ ቀርቷል አልኩ። በመጨረሻም "ወይ እግርህን አሳየን፣ ወይ ከግሩፑ ውጣ" ብዬ ጻፍኩ። ሁላችንም ሳቅን።

በአራተኛው ቅዳሜ ፎቶው መጣ። ከቡና ሥር፣ በወደቀ ቅጠል ላይ፣ ሁለት ቀጫጭን ረጃጅም እግሮች። ብርሃን ከላይ እየተቆራረጠ ወርዶባቸዋል። ምንም አልጻፈበትም። ከሁላችንም ፎቶ የእሱ ያምር ነበር፤ የጎሬው እንኳ ቀልዱን ትቶ አደነቀ። ከዚያ በኋላ የኖፓው አንድም ቅዳሜ አልዘለለም።

ከዚያ ኅዳር ላይ፣ ቡና ሲለቀም፣ ዳታ ጠፋ። አንድ ቀን ነው ብለን ነበር፤ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ በጋው በሙሉ ሆነ። ስልክ መደወልም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው አላውቅም። የጎሬው በሚኒባስ ሹፌር አፍ "ቅዳሜ እየሄዳችሁ ነው ወይ?" ብሎ ላከብኝ፤ እኔም በዚያው ሹፌር "እየሄድን ነው" ብዬ መለስኩ፤ ሹፌሩ የጽዋ ማኅበር ያለን መስሎት ነበር። እየሄድን ነበር። የሚያየው ባይኖርም እግሬን ፎቶ አነሳለሁ፤ ስልኬ ውስጥ ይቀመጣል። ቅዳሜ ጠዋት ጭቃ ላይ ስቆም ሦስቱም በየጫካቸው ቆመው ይታዩኛል። ጓደኛ ያለ ኔትወርክም ሰው ውስጥ ሊኖር እንደሚችል በዚያ በጋ ነው የተማርኩት። እንዲያውም ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀርበን አናውቅም ብዬ አስብ ነበር። ምንም አላውቅም ነበር።

ዳታው የተመለሰ ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ከመምህራን ክፍል የሁሉም ስልክ በአንዴ ጮኸ፤ ትምህርቱን ያቋረጥነው ሳንነጋገር ነው። ነጥብ ያልኩት ግሩፕ ተነሣ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር፤ መጀመሪያ የደበዘዘ አራት ማዕዘን፣ ቀስ እያለ የሚጠራ። የጎሬው ድንጋይ። የኡካዋ ሣር። የኖፓው ደግሞ በወራቱ ውስጥ የነበሩትን ቅዳሜዎች በሙሉ በተርታ ልኳቸዋል፤ አንድም አልጎደለም። በጣቴ እየገፋሁ አለፍኩባቸው። ከእግሮቹ በታች ወቅቱ ሲለወጥ አየሁ፦ እርጥብ ቅጠል፣ የተለቀመ ቡና፣ ደረቅ አፈር፣ ከዚያ በአንዱ ቅዳሜ መሬቱ በቡና አበባ ነጭ ሆኗል። እንባዬ መጣ። ያየሁት መሬቱን ነበር።

ከሰዓት በኋላ የኡካዋ ደወለችልኝ። እኛ አንደዋወልም፣ እንጽፋለን፤ ስለዚህ ስልኩን ያነሣሁት ደንግጬ ነው። የኖፓውን ፎቶዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አከታትለሽ እዪ አለችኝ። መሬቱን ተዪው፣ እግሩን እዪ፣ የግራውን።

አየሁ። በመጀመሪያው ፎቶ በጣቶቹ መሀል ክፍተት አለ፤ በመጨረሻው ጣቶቹ ገጥመዋል። የእግሩ ጀርባ ላይ ያለው ቆዳ መስመር አውጥቷል። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በፊት ጎልቶ ይታይ ነበር፣ አሁን ተውጧል። ከአንድ ቅዳሜ ወደ ቀጣዩ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ላይ ሲታዩ ግን የሚካድ አልነበረም። በየሳምንቱ እየመጡ ቢሆን ማናችንም አናይም ነበር፤ ያየነው ዳታ ስለጠፋ ነው።

መጀመሪያ የኡካዋን ተቆጣኋት። የካሜራው ማዕዘን ነው፣ ብርሃኑ ነው፣ ሌንሱ ጠርዝ ላይ ያሰፋል አልኳት፤ ስለ ሌንስ ሙሉ ትምህርት ሰጠኋት። ዝም ብላ አስጨረሰችኝ። ነግሬሽ ነበር አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ይህ በሽታ በጥቂት ቅዳሜ አይመጣም አለች፤ በልጅነቱ በዚህ አፈር ሲሮጥ ገብቶበት የቆየ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ቅዳሜዎች ግን እንዳልጠቀሙት እርግጥ ነው። አሁን ከተያዘ እግሩ ይመለሳል። ዝም ከተባለ ግን የማይመለስበት ቀን ይመጣል፣ ያኔ የሰው እግር አይመስልም። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ኤሌክትሮኖቼን እያስታወስኩ አፈርኩ። ስሜት ማሳመር አልፈልግም፤ የተሰማኝ ንጹህ ፍርሃት ነበር። የሰው እግር በአፌ ያጠፋሁ መሰለኝ።

ደወልንለት። ደህና ነኝ፣ ንቦች ይዘውኛል ብሎ ዘጋው። የኡካዋ እግሩን እንዲያሳያት ጻፈችለት፤ አነበበውና አልመለሰም። ስለዚህ በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለታችን ጫማችንን አጥብቀን አስረን ወደ ኖፓ ሄድን። በሚኒባሱ ውስጥ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት፦ ከተማሪነታችን ጀምሮ የኖፓው ቤት ሄደን አናውቅም። ሁልጊዜ እሱ ነው ወደኛ የሚመጣው፤ ማር ይዞ፣ ሳቅ ይዞ። መንገዱ ስለሚከፋ ይመስለኝ ነበር።

መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን፤ ቦቲ ጫማ አድርጓል። የገበያ ቀን ነበር። "በጋ ነጋን ዱፍተን" አለን በኦሮምኛ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ፣ ተማሪ እያለን ስንቀላለድ እንደምንለው። ወደ ሻይ ቤት አስገባንና ስለ ንብ ብዙ አወራ፤ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የኡካዋ ሻይዋን ሳትነካ አዳመጠችው። ከዚያ ቦቲህን አውልቅ አለችው። ሳቀ። አየችው፤ ሳቁን ተወው። እዚህ አይሆንም አለ። ውጭ ዝናብ መጣል ጀምሮ ነበር። መንገዱን አየና "እንሂድ" ብሎ ተነሣ።

ቤታቸው ቆርቆሮ ክዳን ነው፣ ከፊቱ በላስቲክ የተሸፈነ የቡና ማስጫ አለ። በረንዳው ላይ አግዳሚ አወጣልን። በሩን አልከፈተም። ስንደርስ ገርበብ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ከውስጥ ተገፍቶ ሲዘጋ አየሁ፤ ነፋስ ነው ብዬ አለፍኩት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ጫካው ከግቢው ጀርባ ይጀምራል፤ ያን ሁሉ ዓመት በጆሮዬ የማውቀው ቦታ ይኸው ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እሰማው ነበር።

የግራ ቦቲውን አወለቀ። የኡካዋ እግሩን ጭኗ ላይ አሳርፋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። የጣቷ ምልክት ጎድጉዶ ቀረ። ያቃጥላል ወይ አለችው፤ አዎ አለ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ከመስከረም ጀምሮ ከሆነ ለእኛ በደስታ ፎቶ ሲልክ እየተቃጠለ ነበር ማለት ነው። የበሽታውን ስም ነገረችው፤ ገና መጀመሪያው ላይ እንደሆነም ነገረችው። በየቀኑ መታጠብ አለበት አለች፤ ውሃ በሳሙና፣ ከዚያ ጠብታ በረኪና ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ—

"በደንብ ማድረቅ፣ በጣቶቹ መሀል ጭምር" አለ እሱ። "ከዚያ ቅባት። ከዚያ ካልሲና ጫማ። ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ።"

እጇ ቆመ። የት ተማርከው አለችው። በየቀኑ አደርገዋለሁ አለ። ለራስህ? ብላ ስትጠይቀው ወደ ዝናቡ ዞረ።

"ለእናቴ" አለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። የእናቱ ሁለቱም እግሮች ማበጥ የጀመሩት እሱ ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። አንዱ እርግማን ነው አለ፣ ሌላው መጥፎ ነገር ረግጠው ነው አለ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ ገበያ ከቀሩ፣ ለቅሶ ከቀሩ ዘመን ሆናቸው። ኢንተርኔት ያለው ስልክ የገዛ ቀን መጀመሪያ የፈለገው ይህንኑ ነው። አፈሩ እንደሆነ፣ በዘር የሚጋለጥ ሰው እንዳለ፣ ጫማና ውሃ እንደሚያድን፣ ሁሉንም ያውቃል። እኔ ዘጠኝ ደቂቃ ከማውራቴ ከዓመታት በፊት ያውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ እሱ መድኃኒቱን በእጁ ይዞ ነበር የደበቀው።

"እና ለምን?" አልኩት። ድምፄ ቁጣ ይመስል ነበር። "እያወቅክ ለምን ጫማህን አወለቅክ?"

"ጫማ አድርጌ ብቀር ለምን ትሉኛላችሁ" አለ። "የለምኑ መልስ ደግሞ እቤት ውስጥ ተቀምጣለች።"

"ቀልድ ነበር እኮ። ውጣ ያልኩህ ቀልድ ነበር።"

"አውቃለሁ። ግን ሌላ ቦታ አልነበረኝም።"

ስለ ኮከብ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ እንቅልፍ ስናወራ በከረምንበት ቦታ፣ አንድ ሰው እናቴ ታማለች ማለት አልቻለም ነበር። ማንም አፉን አልያዘውም። እንዲሁ ዓለምን ሁሉ ስናወራ ለእሱ ነገር ክፍት ቦታ ሳንተው ቀርተን ነው።

በሩ ያን ጊዜ ተከፈተ። ረጅም ሴት ናቸው፤ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረዋል፤ ሁለቱም እግሮቻቸው በንጹህ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፣ ከብደዋል። ሁለታችንም ብድግ አልን። እሳቸው ግን የሚያዩት ልጃቸውን ብቻ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

"እኔን ለመሸሸግ ብለህ እግርህን ሰጠህ?" አሉት።

"እማዬ…"

"እኔ እኮ የምሸሸገው ላንተ ብዬ ነው። ሰው ልጁን እንዳይነፍግህ ብዬ ነው።"

እሱ አንድ እግሩ ባዶ፣ አንዱ ቦቲ ውስጥ፣ እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። እናቱ ቀስ ብለው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የኡካዋ ከፊታቸው በርከክ ብላ "እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ" አለችና ጨርቁን ልትፈታ እጇን ዘረጋች። እግራቸውን ሰበሰቡ፤ በእጅሽ፣ ልጄ፣ በእጅሽ አትንኪው አሏት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አለቻቸው፤ ቀስ ብላ ፈታችው። እብጠቱ ትልቅ ነበር። ቆዳው ግን ንጹህ ነው፣ ቁስል የለውም፣ ሽታ የለውም፤ በጣቶቹ መሀል እንኳ ደረቅ ነው። በሥራዬ እንዲህ ተጠብቆ የኖረ እግር አይቼ አላውቅም አለች፤ ይህን የመሰለ እጅ ያለው ሰው የራሱን እግር እንዴት ብላ ጀምራ፣ ሳትጨርሰው ተወችው።

እኔ አለቀስኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ጫማውን ያስወለቅኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ።

"አንቺ ነሽ ቲቸር?" አሉኝ።

እግራቸውን ሲያጥባቸው የእኛን ድምፅ ያሰማቸው ነበር ለካ። ስለ ሳተላይቷ ሰምተዋል፤ ሕፃን የእናቱን ድምፅ እንደሚያውቅ ሰምተዋል፤ እኔ ስለ ንብ የሰጠሁትን ረጅም መልስ ሰምተዋል። ታወሪያለሽ አሉኝ፤ ሳይቆጡ። ከሁላችንም መልእክት አንዱን ብቻ አላሰማቸውም ነበር፣ ስለ ባዶ እግር የላክሁትን። የኡካዋን ግን በድምፅዋ ለይተው ያውቋታል፤ ጉንጯን ነካ አደረጓት።

እግሩ ተመልሷል። ዛሬ ስጽፍ የጣቶቹ መሀል ክፍት ነው፣ አጥንቱም ይታያል፤ እናትና ልጅ አንድ ገንዳ አቅርበው ይታጠባሉ። ያን ቀን ግን ይህን አላወቅንም። ያን ቀን የምናውቀው ዝናቡ ማባራቱንና የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያልፍ መነሣት እንዳለብን ብቻ ነበር። ተነሣን። እናቱም ተነሡ።

ልጃቸው፣ ወዴት ነው? አላቸው። እንግዶቼን ልሸኝ ነው አሉት። ከውስጥ ጫማቸውን አስመጡ፤ በእግራቸው ልክ የተሰፋ ሰፊ የቆዳ ጫማ ነው፣ ከቤት ወጥቶ ስለማያውቅ ሶሉ ንጹህ ነበር። እሱ ተንበርክኮ አሰረላቸውና ቀና ብሎ በዝግታ ተናገረ።

"እማዬ፣ ገበያው እየተፈታ ነው። መንገዱ ሰው ነው።"

"አውቃለሁ" አሉት።

በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከግቢው ወጡ። ቀስ ብለን ሄድን፤ ከገበያ የሚመለሰው ሰው በሁለቱም በኩል ያልፋል። አንዳንዱ ዞሮ ያያል። አንዲት ጎረቤት ቅርጫቷን አውርዳ ቆመች፣ ስማቸውን ጠራች፣ ከዚያ መጥታ ትከሻቸውን ሳመች፤ ሞተዋል ብላ አስባ አይደለም፣ ግን ለሞተ ሰው እንደሚለቀስ ታለቅስ ነበር። የልጃቸው እንግዶች ሆነን እቤታቸው ስንመጣ የመጀመሪያዎቹ እኛ ነበርን፤ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሸኙን።